የዋግሹም የብር ወንበር

እስኪ ጠጋ በሉ፤ በዋግ ምድር ስለ ዋግሹሞች፣ ማለት ስለ ዋግ ገዢዎች፣ የሚተረከውን ላውጋችሁ።

በ1262 ዓ.ም. የዛጉዌ ዙፋን ወደ ይኩኖ አምላክ ዞረ። የዛጉዌው ንጉሥ ይትባረክ በጦር ተገደለ የሚሉ አሉ። የዋጉ ትረካ ግን ሌላ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መካከል ገብተው አስታረቁ፣ መንግሥቱን የለቀቁት የአገው ነገሥታት ዘሮችም የዋግን ሹመት ይዘው ቀሩ ይላል። ውሉስ ምን ነበር? ዋግሹም ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ መኳንንቱ ይቆማሉ፤ እሱ በብር ወንበር ይቀመጣል። ነጋሪትም ይጎሰምለታል።

ልብ በሉልኝ! ዙፋን ያጣው ወገን ልጅ በአሸናፊው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ይቀመጣል። አዲስ የነገሠ ሁሉ ያችን ወንበር ባየ ቁጥር ቃል ኪዳኑ ትዝ ይለው ነበር። የዚህ ሽምግልና ብልሃቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ የተሸነፈው ክብሩን ይዞ ቀረ። የዋግሹም ሹመትም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ዘለቀ።

ጦር ጠፍቶ ነበር ግን አልልም። ዋግሹም ገብረ መድኅንን አጼ ቴዎድሮስ አስገደሉት፤ ልጁ ጎበዜ ሸፈተ፤ በ1860 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። የትግራዩን የደጃዝማች ካሳን እኅት ድንቅነሽን አግብቶ ነበር። ጋብቻው አላዳናቸውም። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አማቾቹ አድዋ ላይ ተገጣጠሙ፤ ጎበዜ ተማረከ፣ ካሳም ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ።

ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የተነሣው ጦርነት የዋግን ሕዝብ ከቀዬው ነቀለው፤ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰው ሰቆጣ ከተማ ገብቶ በመጠለያ ከረመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ያ ፊርማ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ከወዲህ የዋግ አበርገሌ አለ፣ ከወዲያም የትግራይ ጣንቋ አበርገሌ አለ። የእነዚህ ጎረቤታሞች ደም በማን ይደርቃል?

በአገራችን ደም ሲደርቅ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይንበረከካል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ የሟች ወገን «ተነሥ» እስኪለው አንገቱን ቀና አያደርግም። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይከተላል። ይህን የሚያውቁት ከሁለቱም ወገን ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ተፈናቃዮቹም፣ ሴቶቹም ጭምር፣ አብረዋቸው ይቀመጡ። መጀመሪያ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ይቆረጥ፤ ቀጥሎ የተዘረፈው ከብት ይቆጠር፤ ከዚያ ስለ ደሙ ይነጋገሩ።