ራሱ የሚነሳው ስልክ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የታክሲ ጥሪ ድርጅት ውስጥ ስሠራ አንድ ፊቸር ጻፍኩ። ነገርዬው ቀላል ነው። ተሳፋሪው በአፑ በኩል ሾፌሩ ጋ ሲደውል ስልኩ ሦስት ሰከንድ ይጠብቅና ራሱ ይነሳል፤ ድምፁም በላውድ ይወጣል። ሾፌሩ ምንም አይነካም። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።

የአዲስ አበባን ተሳፋሪ የሚያውቅ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ካርታው ላይ መኪናዋ ስትመጣ እያየ እንኳ ደውሎ «የት ደረስክ?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ይቀጥላል፤ «ቢጫው ሕንፃ ጋ ነኝ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ አይ እሱ ሳይሆን ሌላኛው።» ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መሪ ይዞ መገናኛን ይዞራል። እኛም ይህንን አይተን «ደህንነት» የሚል ርዕስ ሰጥተን ሥራውን ለአለቆች አቀረብን። ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊቸሩ ከወጣ ከሳምንት በኋላ ወደ ጎሮ ስሄድ የተሳፈርኩባት መኪና ሾፌር አባቴን የሚያህሉ ሰው ነበሩ። የት እንደምሠራ ስነግራቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ድሮ መንገዱ ሲከብደኝ አላነሳም ነበር» አሉኝ። «በኋላ ‹አልሰማሁም› እላለሁ፣ ያልፋል። አሁን ራሱ ይነሳል። ሰውየው ‹ሃሎ፣ ሃሎ› እያለ ዝም ልበለው?»

የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እጅን ከስልክ ማላቀቅ ችግሩን ይፈታል የሚለውን ሐሳብ እኔ አልፈጠርኩትም፤ ታዲያ ከየት አመጣሁት? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የመኪና ስልክ ከምናስበው በላይ አሮጌ ነው። ጁን 17 ቀን 1946 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚዙሪ በምትባለው ክፍለ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ከመኪና የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ጥሪ ተደረገ። አገልግሎቱ የቤል ኩባንያዎች ነበር። መሣሪያው 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አብዛኛው አካሉ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይቀመጥና እጀታው ብቻ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ቁጥር መምታት የለም። ኦፕሬተሯን ጠርተህ ቁጥሩን ትነግራታለህ፣ እሷ ታገናኝሃለች። ስትናገር እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ስትሰማ ትለቃለህ። የሬዲዮ መስመሩ ጥቂት ስለሆነ በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ጊዜ ማውራት የሚችለው በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መሪ፣ ማርሽ፣ እጀታ፣ የእጀታው ቁልፍ። እጅ አይበቃም! ያኔ «ችግሩ እጅ ነው» ያለ ሰው አልተሳሳተም።

ኦክቶበር 1983 ቺካጎ ውስጥ የሴሉላር አገልግሎት ለንግድ ሲከፈትም የመጀመሪያው ጥሪ የተደረገው ከመኪና ውስጥ ነው። የተደወለው ጀርመን ላለ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ተወላጅ ነበር። ይህ ለጋዜጣ ተብሎ የተደረገ ነው፣ እንለፈው።

እኔን የያዘኝ ማሚቶው ነው። ስልክን እጀታ ከሌለው ማይክና ስፒከር ጋር መኪና ውስጥ ስትገጥም የሚፈጠረው ችግር ይህ ነው። የእናትህ ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል፣ መስታወቱንና ጣሪያውን እየመታ ይመለሳል፣ ማይኩ ውስጥ ይገባና ወደ እሷው ይላካል። እሷ «ሃሎ» ባለች ቁጥር የራሷ «ሃሎ» ይመለስላታል። የድሮው መፍትሔ ጭካኔ ነበረበት፤ አንዱ ሲናገር የሌላውን መስመር መዝጋት። ሠላምታችንን ለምናውቅ ለእኛ ይህ የማይሆን ነገር ነው። «ደህና ነህ?» «ደህና ነሽ?» «ሁሉ ሰላም?» እየተባለ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚያወሩት።

ትክክለኛው መፍትሔ መጀመሪያ የተፈለገው ለመኪና አልነበረም። በ1960ዎቹ የስልክ ጥሪ በሳተላይት ማለፍ ጀመረ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን ድምፅህ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ማሚቶው እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ የራስህን ድምፅ እየሰማህ ማውራት አትችልም፤ ምላስህ ይተሳሰራል። ቤል ላብስ ውስጥ ይህን ይሠሩ ከነበሩት አንዱ፣ ማን ሞሃን ሶንዲ፣ ራሱን እያረመ ማሚቶን ስለሚያጠፋ መሣሪያ የጻፈው ጥናት በ1967 ወጣ።

ሐሳቡ ለእኔ ቢጤው በጣም ያምራል። መሣሪያው በስፒከሩ ምን እንደተጫወተ ያውቃል። ስለዚህ «ይህ ድምፅ ማይኩ ጋ ሲደርስ ምን መስሎ ይደርሳል?» ብሎ ይገምታል፤ ግምቱን ማይኩ ከሰማው ላይ ይቀንሳል። የተረፈ ማሚቶ ካለ ግምቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ያርመዋል። እንደገና ይገምታል፣ እንደገና ያርማል፣ በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ። መስኮት ስትከፍት የድምፁ መንገድ ይቀየራል፤ እሱም አዲሱን መንገድ ይማራል። የማረሚያው ሒሳብ ዋነኛ ዘር በ1960 በርናርድ ዊድሮውና ተማሪው ቴድ ሆፍ ስታንፎርድ ላይ ያወጡት አልጎሪዝም ነው። ሆፍ ከዓመታት በኋላ ኢንቴል ገብቶ የመጀመሪያውን ማይክሮፕሮሰሰር ከፈጠሩት አንዱ ሆነ። ቆንጆው ነገር ደግሞ ይህን አልጎሪዝም እስካሁን በጣም የሚያስቸግረው ሁለት ሰው በአንድ ላይ ሲናገር መሆኑ ነው። የእኛ ሠላምታ ፈተናው ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ብሉቱዝ መጣ። ሥራው በ1994 ኤሪክሰን ውስጥ ተጀምሮ በ1998 አምስት ኩባንያዎች ኅብረት ፈጠሩበት። የሃንድስ ፍሪውን ሰነድ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ስልክህ ሲጠራ ለመኪናው ቴፕ «ሪንግ» የሚል ጽሑፍ ይልክለታል። መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን ቴፑ ለስልኩ «ኤቲኤ» ብሎ ይመልሳል፤ አንሳ ማለት ነው። እነዚህ ትእዛዞች የመጡት በ1981 ሄይስ ለኮምፒውተር ሞደም ካወጣው ቋንቋ ነው። ሞደሙ ጮኾ ኢንተርኔት የሚያገናኝበት ዘመን ቋንቋ ዛሬም በየቪትዙ ቴፕ ውስጥ ይነገራል። እኛ ዴቨሎፐሮች የሠራ ነገር አንነካም።

እስኪ ወደኋላ ልመለስ፤ የሾፌሩ ጥያቄ መልስ እዚያ ነው ያለው።

በ1969፣ ማለትም ቤል ላብስ ማሚቶውን እየታገለ ባለበት ዘመን፣ እንግሊዝ ውስጥ ብራውን፣ ቲክነርና ሲሞንድስ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች 24 ሾፌሮችን ዝግ መንገድ ላይ አስነዱ። ፊታቸው ክፍተቶች ተዘጋጅተዋል፤ አንዳንዱ መኪናው ያልፍበታል፣ አንዳንዱ አያልፍበትም። ሾፌሩ አይቶ መወሰን አለበት። ይህን እያደረጉ በስልክ ዓረፍተ ነገር ይነበብላቸውና ትክክል ወይም ስህተት ብለው ይመልሳሉ። ልብ በሉ፤ እጃቸው ነፃ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? መሪ የማዞር ችሎታቸው ብዙም አልተነካም። የተበላሸው ማየትና መወሰን ነው። መኪናቸው በማያልፍበት ክፍተት «አልፋለሁ» ብለው ገቡ።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አሜሪካ ውስጥ ሴሉላር ስልክ ለሕዝብ ከመሸጡ 14 ዓመት በፊት መልሱ ታትሟል። በ1997 ደግሞ ሬደልማየርና ቲብሺራኒ ቶሮንቶ ውስጥ ስልክ ያላቸውና ግጭት የደረሰባቸው 699 ሾፌሮችን የስልክ መዝገብ መረመሩ። እያወሩ መንዳት የግጭትን ዕድል ወደ አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ሃንድስ ፍሪ የያዙት ከሌሎቹ የተሻለ ደህንነት አልታየባቸውም።

ሕጉስ? በ2001 ኒውዮርክ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን በመከልከል ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ2003 እንግሊዝ ተከተለች። ሁለቱም ሃንድስ ፍሪን ተዉት። ምክንያቱን እንደሚመስለኝ ልናገር፤ ትራፊክ ፖሊስ እጅን ያያል። ሐሳብህ የት እንዳለ በመስታወት አያይም፣ ቅጣትም ሊጽፍበት አይችልም። የሚታየውን መከልከል አይከፋም። ግን ሕጉ እጅን ሲከለክል ሰው ሁሉ «እንግዲያው ብሉቱዝ ደህና ነው» ብሎ ተረጎመው፤ ሻጩም እንደዚያው፣ እኔም እንደዚያው። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሃንድስ ፍሪውም ጭምር ይከልከል ብሎ መከረ። ምክሩን ለሁሉም ሾፌር ሕግ ያደረገች ክፍለ ግዛት ግን የለችም።

አንባቢ እዚህ ጋ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ እኔም አንስቼው ነበር። ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋርስ እናወራ የለ? በ2008 ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ በሲሙሌተር ሞከሩት። ሾፌሮቹ አንድ መውጫ ላይ እንዲታጠፉ ተነገራቸው። በሃንድስ ፍሪ ስልክ ሲያወሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ መውጫውን ሳያዩ አለፉት። ከጎናቸው ካለ ወዳጅ ጋር ሲያወሩ ከነበሩት ግን አብዛኞቹ ታጠፉ። ምክንያቱም ጎን ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ ሲጨናነቅ ወሬውን ያቆማል፣ አንዳንዴም «እሱ ጋ ነው!» ይላል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው አደባባይ ላይ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ። ማንም አላስተማረውም።

እማዬ ስትደውልልኝ አደባባዩን አታይም። በዚያው ሰሞን ሲኤምሲ አካባቢ እየነዳሁ ስለ አክስቴ የደም ግፊት ስትነግረኝ ዜብራ ላይ ልጅ የያዘች ሴት አለፍኩ። አለፍኩ ስል ቆሜ አሳለፍኳት ማለቴ አይደለም። በስፖኪዮው ነው ያየኋት፣ ከኋላዬ፣ እጇን ወደ እኔ አንስታ። እማዬ ያኔ «እየሰማኸኝ ነው?» ትለኛለች። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ ማሚቶ የሚባል የለውም። ሁለት እጄም መሪው ላይ ነበር።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። መኪናው እየሄደ ከሆነ ጥሪው አይነሳ፤ አፑ ራሱ ለተሳፋሪው «ሾፌሩ እየነዳ ነው፣ በ4 ደቂቃ ይደርሳል» የሚል መልእክት ይላክለት። ለመጻፍ ሁለት ቀን ይበቃል። «ተሳፋሪው ተናዶ ቢሰርዝስ?» ተባልኩ። ተከራከርን። የ1969ኙን ጥናት ስጠቅስ አንዱ «ያኔ ስማርት ፎን ነበር እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ የተስማማነው በግማሽ ነው፤ ራሱ የሚነሳው ይቀጥላል፣ ያልፈለገ ሾፌር ግን ማጥፋት ይችላል። ማጥፊያው የተቀመጠው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ነው። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለጎሮው ሾፌር ቁጥሬን ሰጥቻቸው ስለነበር ማጥፊያው እንደወጣ መልእክት ላክሁላቸው። በማግስቱ ደወሉልኝ። ከጀርባቸው ጥሩምባ ይሰማል።

«ልጄ፣ የላክልኝን አየሁት። በየት በኩል ነው የሚጠፋው?»

«ጋሼ፣ እየነዱ ነው እንዴ?»

«በላውድ ነው ባክህ፣ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ዳር ይያዙ» አልኳቸው። ፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማሁ፤ መኪናው እስኪቆም ሁለታችንም ምንም አላልንም።