ባለአንድ ነጥብ ማዳመጫ

የቤታችን ቆጣሪ እንደ ስሙ ይቆጥራል እንጂ አይለይም። ወሩ ሲሞላ ግቢው በሙሉ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደፈጀ ይናገራል፤ የፈጀው ፍሪጁ ይሁን ምጣዱ፣ ቴሌቪዥኑ ይሁን ካውያው እሱ ምን ገዶት! ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ያደገ ሰው የዚህን ጉድለት ዋጋ ያውቀዋል።

በእንግሊዝኛ «ሲንግል ፖይንት ሴንሲንግ» የሚሉት ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። በየዕቃው ላይ መለኪያ ከመግጠም ይልቅ አንድ መሣሪያ በአንድ ቦታ ይሰካና ቤቱ ውስጥ ምን እንደበራ፣ ምን እንደተከፈተ ከዚያው ሆኖ ይለያል።

ቃል በቃል እንተርጉመው ብንል «ባለአንድ ነጥብ ዳሰሳ» ይሆናል፤ ሴንሰርን «ዳሳሽ» ማለትም ተለምዷል። ችግሩ «ዳሰሳ» ሲባል ለብዙ አንባቢ የሚታየው መጠይቅ ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር አጥኚ መሆኑ ነው። ደግሞስ መዳሰስ መንካት አይደል? ይህ መሣሪያ ምጣዱንም ቴሌቪዥኑንም አይነካም። ሐኪም ደረት ሳይከፍት የልብን ምትና የሳንባን ትንፋሽ ለይቶ እንደሚሰማ ሁሉ፣ እሱም ከሩቅ ያደምጣል። ስለዚህ «ማዳመጫ» ይሻላል እላለሁ። ጆሮ ላይ ከሚሰካው ጋር እንዳይምታታ «ባለአንድ ነጥብ» የሚለውን ቅጽል አንጣልበት።

ሐሳቡ ራሱ ቆየት ያለ ነው። ጆርጅ ሃርት በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤምአይቲ ሳለ፣ ወደ ቤት የሚገባው ጠቅላላ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የትኛው ዕቃ በርቶ የትኛው እንደጠፋ መለየት እንደሚቻል አሳየ። ነገሩን ወደ ተራ ሶኬት ያወረደው ግን አላባማ ውስጥ ሴልማ ከተማ የተወለደው ሽዌታክ ፓቴል ነው። በ2007፣ ጆርጂያ ቴክ ተማሪ ሳለ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫኑ በሽቦው ላይ የሚፈጠረውን ቅጽበታዊ ጫጫታ ሶኬት ላይ ሆኖ የሚሰማ መሣሪያ ከባልደረቦቹ ጋር አቀረበ። በኋላ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት «ኤሌክትሪሴንስ» ደግሞ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ኃይል ቆጣቢ አምፖል በርተው እስካሉ ድረስ ወደ ሽቦው የሚለቁትን የማያቋርጥ ጩኸት ያደምጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የውኃው ነው። ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ በመስመሩ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይሮጣል፤ ቧንቧ በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ «ጓ!» የሚለው ድምፅ የዚህ ዘመድ ነው። የሽንት ቤቱ፣ የሻወሩና የወጥ ቤቱ ሞገድ ቅርፅ ይለያያል። በ2009 የቀረበው «ሃይድሮሴንስ» ውጭ ባለ አንድ ቧንቧ ላይ ይታሰርና የትኛው እንደተከፈተ ይለያል፤ ምን ያህል ውኃ እንደፈሰሰም ይገምታል።

ፓቴል በ2011 የማክአርተር ሽልማት ሲያገኝ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በ2010 «ስኑፒ» የተባለ ሥራም ከባልደረቦቹ ጋር አውጥቶ ነበር፤ እዚህ ላይ «ገመድ አልባ» የሚለው ስማችን ትንሽ ያስቃል። እርጥበትን የመሰለ ነገር የሚለኩት ትናንሽ መሣሪያዎች መልእክት የሚልኩት ያለ ገመድ ነው፤ ግን ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ እንደ ትልቅ አንቴና ሆኖ ድምፃቸውን ስለሚቀበል በጣም ጥቂት ኃይል ይበቃቸዋል። ሶኬት ላይ የተሰካ አንድ ተቀባይ ሁሉንም ይሰማል። ገመድ አልባው በገመድ ይኖራል ማለት ነው። ይኸው ሥራ በኋላ «ዋሊሆም» በሚል ስም የውኃ ማፍሰስን የሚጠቁም ዕቃ ሆኖ ገበያ ወጥቷል።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ በሆነበት ቀን የሚደመጥ ሞገድ የለም። የእንጀራ ምጣድም ሽቦ አግሎ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ቴሌቪዥን አይጮኽም፤ «ኤሌክትሪሴንስ» አጠገቡ ቢሰካ እንኳ ዝም ነው የሚለው። የ2007ቱ ዘዴ ሲበራና ሲጠፋ ሊይዘው ይችላል፤ የሃርትም እንዲሁ፣ ከሦስት ኪሎዋት በላይ በአንዴ የሚዘል ጭነት አይሰወርማ። የተጋገረው የማን እንጀራ እንደሆነ ግን አሁንም ተከራዮቹ ይነጋገሩበት።