የሻፍሩዲን መቀስ

የቆየ የወረቀት ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ባልታጠፈው፣ ባልቆሸሸው ላይ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዛሬ ግን ከኢንዶኔዥያ ገንዘቦቼ ሁሉ አብልጬ የምሳሳለት አንድ ግማሽ ወረቀት ነው፤ መሐል ለመሐል በመቀስ የተቆረጠ የጃቫ ባንክ ኖት ግራ ጎን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1945 ነፃነቷን አወጀች። ሪፐብሊኩ በኦክቶበር 1946 የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ፣ ሆላንዶችም በያዙት ግዛት የእነርሱን ያሠራጩ ነበር። በ1949 መጨረሻ ሆላንድ ሥልጣኑን ስታስረክብ አዲሲቱ አገር የወረሰችው ከባድ ዕዳ፣ የዋጋ ንረትና የተደበላለቀ ገንዘብ ነበር።

በማርች 1950 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሻፍሩዲን ፕራዊራነጋራ መላ አመጡ። ከ5 ጊልደር ጀምሮ ያለው የጃቫ ባንክና የሆላንድ አስተዳደር ኖት ለሁለት ይቆረጥ፤ ግራው በግማሽ ዋጋ ለጥቂት ጊዜ ይሥራና በአዲስ ኖት ይለወጥ፤ ቀኙ ደግሞ በመንግሥት የብድር ሰነድ ይተካ ተባለ። ሕዝቡም «የሻፍሩዲን መቀስ» አለው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ግራውም ቀኙም ወደ መንግሥት መመለስ ነበረበት። እጄ የገባው ግማሽ፣ ባለቤቱ ያልለወጠው ነው። ቀኑ አልፎበት ይሁን ወይስ መንግሥትን ሳያምን ቀርቶ፣ ወረቀቱ አይናገርም። የእኔ ብርቅ የአንድ ሰው ኪሣራ ነው። ከመሳቢያዬ ባወጣሁት ቁጥር ደስታዬ ሙሉ የማይሆነውም ለዚህ ነው።