ማዋሰኛ፦ የኩዊልት ብሎኮችን የሚለይና የሚያገናኝ ጨርቅ

ማዋሰኛ፦ በኩዊልት ላይ ብሎክን ከብሎክ እየለየ የሚያያይዝ፣ ወርዱ እኩል የሆነ ቀጭን ቁራጭ ጨርቅ። በእንግሊዝኛው ሳሺንግ ይባላል።

ኩዊልት ከላይና ከታች ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ስስ ሙሌት ኖሮት ሦስቱ አብረው የተሰፉ የአልጋ ልብስ ነው። ብዙ ጊዜ የላይኛው ገጽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጠማል። ቁርጥራጮቹ መጀመሪያ ተሰፍተው አራት ማዕዘን ክፍል ይሆናሉ፤ ይህ ክፍል ብሎክ ነው። በብሎኮቹ መካከል የሚገባውን ጨርቅ ጥለት ወይም ጠርዝ እንዳንለው ሁለቱም የዳር ናቸው። ይህ ግን በመሃል ገብቶ እንደ ማሳ ወሰን ስለሚለይ ማዋሰኛ ይስማማዋል። የቁሙና የአግድሙ ማዋሰኛ በሚገናኙበት ቦታ የምትገባው ትንሽ ካሬ ደግሞ መገናኛ ትባል።

ማዋሰኛ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ብሎኮችን አንድ ያደርጋል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተስፋፋው የአልበም ኩዊልት እያንዳንዱን ብሎክ ሌላ ሰው ሠርቶ ስሙን ሊጽፍበት ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስብስብ መልክ ለማስያዝ ማዋሰኛ ሁነኛ መንገድ ነው።

ጨርቁ ሲመረጥ ከቀለሙ ይልቅ ፈካ ወይም ጠቆር ማለቱ ይበልጥ ይወስናል። ከብሎኮቹ የጠቆረ ማዋሰኛ ደማቅ ቀለሞችን ያጎላል። ከብሎኩ መደብ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ የብሎኩ ጠርዝ ይጠፋና ቅርጾቹ ብቻ ይታያሉ። ብሎኮቹን በታሰበው ጨርቅ ላይ ደርድሮ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባለ መስመር ጨርቅ ትንሿን የመቀስ ስህተት ስለሚያጋልጥ ለጀማሪ አይመከርም። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል አስቀድሞ ታጥቦ ይተኮስ።

ወርዱ ከብሎኩ ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ ዓይን ከብሎኩ ይልቅ ማዋሰኛውን ያያል። ለ30 ሳንቲ ሜትር ብሎክ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

አቆራረጡን በምሳሌ እንየው። ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ብሎኮቹ 20 ናቸው፤ ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 5። በአምስቱም ረድፍ ጎን ለጎን ባሉት ብሎኮች መካከል 15፣ በረድፎቹ መካከል 16፣ በድምሩ 31 ማዋሰኛ ያስፈልጋል፤ መገናኛዎቹ 12 ናቸው። በየጎኑ 0.75 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ስለሚጨመር አንዱ ማዋሰኛ በ31.5 በ6.5፣ መገናኛው በ6.5 በ6.5 ይቆረጣል።

ወርዱ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ላይ የማዋሰኛው ርዝመት በማጉ አቅጣጫ ከሆነ በአንድ መስመር 3 ብቻ ይወጣል፤ 11 መስመር 71.5 ሳንቲ ሜትር ይፈጃል። ርዝመቱ በድሩ አቅጣጫ ከሆነ ግን 31.5 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ 16 ይሰጣል፤ 63 ሳንቲ ሜትር 32 ሰጥቶ አንድ ያተርፋል። ድር ከማግ ያነሰ ስለሚለጠጥ ማዋሰኛውም አይወላገድም። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ከሁሉም በላይ ስለሚለጠጥ አይሆንም። ለመኮማተርና ለማስተካከያ ጭምር 80 ሳንቲ ሜትር ቢገዛ ይበቃል።

በመቀስ የሚቆርጥ ሰው ጠመኔና ማስመሪያ ያሻዋል። ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ባለ ክብ ምላጭ መቁረጫ ካወጣ ወዲህ ግን ብዙ ኩዊልት ሠሪዎች በዚያ ይቆርጣሉ፤ ከሥሩ ልዩ ንጣፍ ይነጠፍለታል።

ዋናው ደንብ ሁሉንም ማዋሰኛ በአንድ ልክ መቁረጥ ነው። ብሎኮቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ማዋሰኛውን ለየብሎኩ ማሳጠር ወይም ማስረዘም ኩዊልቱን ያጣምመዋል። ይልቁንም የብሎኩ ሁለት ጫፍና መሃሉ ከማዋሰኛው ጋር በስፒል ተይዞ፣ የተረፈችው ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ ትከፋፈላለች። ከዚያ ስፌቱ ሁሉ ወደ ማዋሰኛው ይተኮሳል፤ ረድፎቹ ሲጋጠሙ የስፌቱ ትርፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚተኛ መገናኛዎቹ በቀላሉ ይገጥማሉ።