የይፋት እግረኛ በ2.4 ሴንቲሜትር

በ1 ለ72 መጠን የተሠራ የፕላስቲክ ወታደር ቁመቱ 2.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከሳጥኑ ሮማዊ ይወጣል፣ የናፖሊዮን ወታደር ይወጣል፣ ጥምጣም ያሰረ የመካከለኛው ዘመን ዓረብም ይወጣል። የይፋት እግረኛ ግን እኔ ከያዝኳቸው ሳጥኖች አልወጣም። ስለዚህ ዓረቡን እየቀየርኩ ነው የምሠራው።

ስንት ያስፈልገኛል? አል ዑመሪ የተባለው የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ፣ የይፋት ሱልጣኔት 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ እንዳለው መዝግቧል። አንዱ ፕላስቲክ 500 ሰው ቢወክል 30 ፈረሰኛና 40 እግረኛ ይሆናል። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይበቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ስለሚመጣ በሳሙና ካልታጠበ ቀለሙ ይላላጣል። የጦሩ ዘንግ በጣም ወፍራም ነው፤ ቆርጣችሁ በመጥረጊያ ፀጉር ተኩት። ጋሻውን ከቢሮ ወረቀት መብሻ አወጣሁት፦ 6 ሚሊሜትር ክብ ወረቀት በ72 ሲባዛ 43 ሴንቲሜትር፣ ደህና የቆዳ ጋሻ ነው። ለልብሱ ንጹሕ ነጭ አትቀቡ። መጀመሪያ ቡናማ፣ በላዩ የቆየ ጥጥ የሚመስል ቀለም፣ እጥፋቱ ውስጥ ቡናማው ይቅር።

ከሁሉም የሚከብደው መቆሚያው ነው። የእስላም ሠራዊት ሲባል የብዙ ሰው እጅ ወዲያው ወደ ቢጫ የበረሃ አሸዋ ይሄዳል። አል ዑመሪ ግን ይፋት ላይ የሚዘረዝረው ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝና ሎሚ ነው። ዛሬም ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። የሮቢ ወንዝን አሸዋ ነፍቼ በአናጢ ነጭ ኮላ አጣበቅኩ፣ ደረቅ ሣር ከተፍኩበት፣ እንደ ኖራ ካሉት የቆላው ፍርስራሽ ከተሞች ግድግዳ የሚመስል ድንጋይ ደረደርኩ።

ከዚያ ተቃራኒው ጦር መጣ፤ ከደጋ የወረደው የዐፄ አምደ ጽዮን ሠራዊት። ብዙዎች በ1332 እ.ኤ.አ. የሚያስቀምጡት ይህ ዘመቻ ዛሬ ሲተረክ መስቀልና ጨረቃ ብቻ ይሆናል። የዘይላ ንግድ በይፋት በኩል ማለፉ ይረሳል። የንጉሡ ዜና መዋዕል ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልባት እንደዛተ ይተርካል፤ ያው ዜና መዋዕል ሰብረዲን ሲሸነፍ ንጉሡ ይፋትን ለወንድሙ ለጀማለዲን እንደሰጠ ይነግረናል። ጠላት የተባለው ቤት እንዳለ ሹም ሆኖ ቀጠለ ማለት ነው።

ቀለም ስቀባ ይህ ነገር በእጄ መጣ። ተራው ወታደር በሁለቱም ወገን ጥጥ ለብሶ፣ የቆዳ ጋሻና ጦር ይዞ ነው የቆመው። አንዱን ወገን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ ብቀባ ጠረጴዛው ላይ ለማየት ይቀል ነበር። ግን ያ የእኛ ዘመን ቀለም ነው፤ ይህ ቆላ ደግሞ በቅርብ ዓመታትም ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየበትን እሳት አይቷል። ሁለቱንም ከአንድ ቆርቆሮ ቀባሁ፣ በአንድ ወንዝ አሸዋ ላይ አቆምኩ። የትኛው የማን እንደሆነ ከመቆሚያው ሥር በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ ለማወቅ የፈለገ አንሥቶ ይገልብጥ።