ያገለገለ የካርቦን ብስክሌት ዕቃ፦ ይነዳል ወይስ ይጣላል?

የካርቦን ብስክሌት አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ እኛ አገር ብዙ ነጂ እጅ የሚገባው ሌላ ሰው ነድቶ የጠገበው ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው የያዘው መሪ፣ አንዱ ተወዳዳሪ ለሌላው የሸጠው ፎርክ፣ ሁለተኛ እጅ የተገዛ ቸርኬ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሲያነሱት ላባ ነው፣ ሻጩም «ኧረ አንድ ቀን እንኳን አልወደቀም» ይላል። ግን ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ይችላችኋል ወይ?

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ለሚጠይቁን ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲሆንላቸው ነው ይህን ያዘጋጀነው። ብታስቀምጡት አይከፋም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ባሕርይ። ካርቦን የምንለው ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች በኢፖክሲ ሙጫ ተነክረው፣ ንብርብር በንብርብር ተደራርበው፣ በሙቀት የጠነከሩ ናቸው። ጉልበቱ በክሩ አቅጣጫ ነው። ፎርኩ ከመንገድ የሚመጣውን ጭነት ለዓመታት ሊሸከም ይችላል፤ ያው ፎርክ ከጎኑ በድንጋይ ጠርዝ አንዴ ሲመታ ግን ሊጎዳ ይችላል፣ ለዚያ ዓይነት ምት አልተሠራማ። ብረት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ ይጎብጣል፣ ይሰረጉዳል። ካርቦን ግን ከተመታ በኋላ ወደ ቅርጹ ይመለስና ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንብርብሮቹ ሊላቀቁ ይችላሉ፣ ውሃ እንደጠጣ ኮምፔንሳቶ። ከዚያ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ በአንዴ ቀጭ ይላል።

በዚህ የተነሳ «ስንት ዓመት ተነዳ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። በደንብ የተሠራ፣ ያልተመታና ከልክ በላይ ያልጠበቀ የካርቦን ዕቃ በኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ አልሙኒየም እንደሚደክመው አይደክምም። መጠየቅ ያለበት «ምን ደርሶበታል?» ነው። ወድቋል ወይ? መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ ምን ነካው? መሪውን ማን አጠበቀው፣ በምን ቁልፍ?

ሁሉም ዕቃ ደግሞ እኩል አያሰጋም። የመቀመጫው ዘንግ ቢሰበር ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን መሪው እጃችሁ ላይ ነው። መሪው፣ ስቴሙ ወይም ፎርኩ ቢሰበር ግን የምታርፉት በፊታችሁ ነው፣ እጃችሁን ለመዘርጋት እንኳን ጊዜ የለም። ስለዚህ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ጥርጣሬ ብቻውን ለመጣል በቂ ነው እንላለን፣ ማስረጃ አንጠብቅም። ለፍሬሙ ትንሽ ትዕግስት ይኖረናል።

ወደ ምርመራው እንግባ። ዕቃው ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ይታይ። መሪ ከሆነ የተጠቀለለበት ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ሻጩ ጨርቁን አላስነሳም ካለ እዚያው ተዉት። ስቲከር የተለጠፈበትን ቦታም ጠርጥሩ፣ በተለይ ስቲከሩ ከሌላው ዕቃ ጋር የማይሄድ ከሆነ።

ጭረት ስታገኙ ጥፍራችሁን በላዩ አሳልፉ። ጥፍር የማይዘው ጭረት ብዙውን ጊዜ የቀለም ነው። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ፣ ጥቁር ክር ከታየ፣ ወይም ጥጥ ስትጠርጉበት ጥጡ ከተያዘ ጉዳቱ ክሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው። አቅጣጫውም ይናገራል፦ ቧንቧውን ዙሪያውን የሚዞር መስመር በርዝመቱ ከሚሄድ ይልቅ ያስፈራል። ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ መሀሉ ትንሽ ጎድጎድ ካለ ያ የምት ቦታ ነው፣ የዕድሜ አይደለም።

ቀጥሎ ሳንቲም። የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። በጠርዙ ቀስ እያላችሁ በየሴንቲ ሜትሩ አንኳኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ «ቃ ቃ» ይላል፤ የተላቀቀው ድፍን ያለ «ዱብ ዱብ» ይላል፣ የበሰበሰ እንጨት እንደማንኳኳት። የግራውን ከቀኙ ጋር እያስተያያችሁ ሂዱ። ግን ይህን ዘዴ ብዙ አትመኑት፦ ቧንቧዎች በሚጋጠሙበትና ውፍረቱ በሚለዋወጥበት ቦታ ድምፁ ያለ ጉዳትም ይለወጣል። ከስቱኮ በታች ያለውን ደግሞ ላይነግራችሁ ይችላል። ድምፁ መጥፎ ከሆነ ዕቃው ይጠረጠራል፤ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ግን ደህና ነው አይባልም።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ቦታ ማጥበቂያው ስር ነው። ካርቦን በመውደቅ ብቻ ሳይሆን በመካኒክ እጅም ይሰበራል። የስቴም ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልጉት፣ ትክክለኛው ቁጥር ዕቃው ላይ ተጽፏል። ይህ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ በእጅ ስሜት «ጠበቅ» ሲያደርጉት በቀላሉ ይታለፋል። መሪው መሀል ላይ፣ የመቀመጫው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ በሚገባበት፣ የፎርኩ ቱቦ ስቴሙ በሚይዝበት ቦታ ላይ የተጫነ ምልክት፣ ስንጥቅ ወይም የተፈጨ ነገር ካለ ዕቃው አልቋል። የሚንሸራተት ዘንግ የሚታከመው የበለጠ በማጥበቅ ሳይሆን ለካርቦን በተሠራ አሸዋማ ቅባት ነው፤ ተራ ግራሶ እዚያ ቦታ አይገባም።

የፎርኩን የላይኛ ቱቦ ለማየት ፎርኩ ከፍሬሙ መውጣት አለበት። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በካርቦን ቱቦ ውስጥ መኖር ያለበት በብሎን እየሰፋ የሚይዝ ውስጣዊ ማጠናከሪያ ነው። ለብረት ቱቦ የሚሆነው ባለጥርስ ዳዶ በመዶሻ ገብቶበት ከሆነ ውስጡን ቧጥጦታል፣ ያ ፎርክ አይነዳም።

ይህ ሁሉ ማካበድ ለሚመስለው ሰው በ2006 በፓሪስ–ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ የደረሰበትን እናስታውስ። በድንጋይ ንጣፉ ላይ ከመሪዎቹ ጋር እየነዳ የፎርኩ ቱቦ ተሰብሮ መሪው እጁ ላይ ቀረ፤ በትከሻው ወደቀ። በዚያው ውድድር ቀደም ብሎ ወድቆ ነበር። ቱቦው ደግሞ አልሙኒየም እንጂ ካርቦን አልነበረም፣ ማለትም ድብቅ ጉዳት የካርቦን ብቻ ችግር አይደለም። በመጋቢት 2021 ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ በሌ ሳሚን ውድድር የማቲው ቫን ደር ፑል መሪ ሲነዳ ተሰበረ። አዲስ ሞዴል ነበር። አምራቹ ካንየን ያንን መሪ የያዙ ብስክሌቶች እንዳይነዱ ለባለቤቶቹ አስታወቀ። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የአምራቹን የጥሪ ማስታወቂያ ፈልጉ። ሁለተኛ ገዢ ሆናችሁ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ቸርኬ ለብቻው ይታይ። ዲስክ ፍሬን ያለው ከሆነ የምትፈልጉት ምት ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ቸርኬ የጎማው መያዣ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ፍሬኑ ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ከሆነ ግን ሙቀት ይጨመርበታል። ረጅም ቁልቁል ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ሙጫውን ያለሰልሰዋል፤ የሚያዘው ቦታ ያብጣል፣ አንዳንዴም ካላማዳሪው ይፈነዳል። በሁለት ጣት ዙሪያውን ዳስሱት። እብጠት ወይም ወገቡ የተበላ ቦታ ከተሰማችሁ ለአዲስ አበባ ዓይነት ከተማ አይሆንም። የፍሬን ሸራውም ለካርቦን የተሠራው ይሁን። በአልሙኒየም ቸርኬ ላይ የቆየ ሸራ ውስጡ የብረት ፍርፋሪ ይዞ ካርቦኑን ይሞርደዋል።

«ይጠገናል ወይ?» ለሚሉ፦ ፍሬም በሚያውቅ ሰው እጅ ይጠገናል። የተጎዳው ተሞርዶ ወጥቶ አዳዲስ ንብርብሮች በትክክለኛው አቅጣጫ ይለበጡበታል። ስንጥቅ ላይ ኢፖክሲ ቀብቶ ቀለም መቀባት ግን ጥገና አይደለም፣ መደበቅ ነው። መሪና ፎርክን ተጠግኖም ቢሆን አንመክርም። በዚህ ምትክ ደህና የአልሙኒየም መሪ ግዙ፤ ጥቂት መቶ ግራም ቢጨምር ነው።

እዚህ ላይ የሚከራከረን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ወራት አጠራቅሞ ለገዛው ወጣት «ጣለው» ማለት ቀላል አይደለም። ገና ካልገዛችሁ ግን ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት፦ ያገለገለ ካርቦን ስትገዙ ለመሪና ለፎርክ መቀየሪያ የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ ተደራደሩ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

የጣላችሁትን ዕቃ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት መሀሉን በመጋዝ ቁረጡት፣ አለዚያ አንዱ አንስቶ ቀለም ቀብቶ ይሸጠዋል። ስትቆርጡ በውሃ አርጥቡት፣ ማስክም አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።