ልጅ በልጅ የተለዋወጡት እናቶች

በአዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። እንደ ሠራተኛ ሰፈርና እንደ ዘበኛ ሰፈር ሁሉ ስሙ በምኒልክ ዘመን ከነበረው የግቢና የሠራዊት አገልግሎት የተወረሰ ነው። መሣሪያ የተሸከመው፣ ደጅ የጠበቀው፣ ብረት የቀጠቀጠው ወንድ በሰፈር ስም ሲታሰብ ይኖራል። በዚያው ሠራዊት ኋላ መጅና ድስት ተሸክማ የዘመተችውን ሴት ግን የሚያስታውሳት የለም።

ጠመንጃ በአገራችን የጦር ሜዳ ፍርድ ሰጪ መሆን የጀመረበትን ዘመን የመረመረ ሰው ግን ከሴቶች ታሪክ ማምለጥ አይችልም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዋ እቴጌ እሌኒ ናቸው። የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ ሲሆኑ፣ ከሙስሊም ቤት ወጥተው ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እስከ ልብነ ድንግል ድረስ ነገሥታት ሲፈራረቁ እሳቸው በግቢው ቆዩ። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከው በሙስሊም ኃይሎች ላይ ኅብረት እንፍጠር አሉ። የገራድ ልጅ ይህን ደብዳቤ ሲያስጽፉ በልባቸው ምን ይመላለስ ነበር? የአባታቸውን ቤት ጸሎት ያስታውሱ ነበር? ይህን የሚነግረን ዜና መዋዕል የለም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው ፍሬ ያፈራው እሌኒ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1541 አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች በክሪስቶቮ ዳ ጋማ እየተመሩ ምጽዋ ወረዱ። ያን ጊዜ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ከሞተ አንድ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። እንግዶቹን የተቀበሉት መበለቲቱ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው። ሴት በማትወጣበት በዚያ የመነኮሳት አምባ ተጠግተው ቆይተው ነበርና ወርደው ከጦሩ ጋር ዘመቱ። ሚጌል ዴ ካስታኞሶ የተባለው ፖርቱጋላዊ ወታደር ስለ እቴጌይቱ በአክብሮት ጽፏል።

በወዲያኛው ሰፈር ደግሞ ባቲ ድል ወንበራ አሉ። የዘይላው ገዥ የኢማም መሕፉዝ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። ክርስቲያኑን መንግሥት የወጉት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ባለቤት ሆነው ከባላቸው ጋር ዘመቱ፤ ሁለቱን ልጆቻቸውን የወለዱትም በዘመቻ ላይ ነው። እኛ በክርስቲያኑ ወገን ያደግን ሰዎች ይህችን እናት የ«ግራኝ ሚስት» ብለን አልፈናታል። ይህ ትልቅ በደል ነው። የአባቷን ደም፣ የባሏን ዓላማና የልጆቿን ሕይወት በአንድ ትከሻ የተሸከመች ሴት ነች።

የሁለቱን እናቶች ዕጣ ያስተሳሰረው ምርኮ ነው። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ በኢማሙ ሰዎች ተማርኮ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን ተልኳል። በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ በጥይት ሲወድቁ ደግሞ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ገባ። እንግዲህ አንዷ ባሏን ቀብራ ልጇ በባዕድ አገር ነው፤ ሌላዋም ባሏ ተገድሎ ልጇ በጠላት ድንኳን ነው። በመጨረሻ መሐመድ በሚናስ ተለወጠ። ለብዙ ዓመታት ደም ሲፋሰሱ የኖሩ ሁለት ወገኖች የተስማሙበት ነገር ቢኖር እነዚህ ሁለት ልጆች ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ነው።

ታሪኩ እዚህ አልቆመም። ድል ወንበራ ሐረር ገብተው የባላቸውን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ፤ የባላቸውን ደም ለሚመልስ ሰው እንጂ ለሌላ አልሆንም ብለው ነበር ይባላል። በ1559 የሰብለ ወንጌል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። በእሳቸው ዙፋን የተቀመጠው ማን ነው? ያ ልጅ በልጅ ተለውጦ የተመለሰው ሚናስ ነው። ሰብለ ወንጌል ይህንን ሁሉ አይተው፣ ሚናስንም ቀብረው፣ እስከ 1567 ኖረዋል። ከዚህ በላይ ደራሲ ምን ይመኛል?

የአማርኛ ልብ ወለድ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጅ ታሪክ ነው፤ በሃይማኖት የማይመስላት ንጉሥ ይወድዳታል። ጉዟችን የተጀመረው እንዲህ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሰብለ ወንጌል የሚለውን ስም በየቤቱ አስገብቷል፤ የምናውቃት ግን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ነው፤ ንግሥቲቱን አይደለም።

የደራሲው ፈተና ግን ንግሥታቱ ላይ አያበቃም። ለሰብለ ወንጌል ጦር እህል የፈጩት፣ ከሁለቱም ወገን ተማርከው በባርነት የተሸጡት ሴቶች ስማቸው አልተጻፈም። መዓዛ መንግሥቴ በ2019 በእንግሊዝኛ ባሳተመችውና በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል በገባው ልብ ወለዷ መንገዱን አሳይታለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን እመቤቲቱን አስቴርንና ገረዲቱን ሂሩትን በአንድ ጦር ውስጥ አሰለፈቻቸው፤ ሂሩት ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ተነጥቃ ስትንገበገብ እናያታለን። የጠመንጃ ያዥነት ታሪክ በገረድ ዓይን ሲታይ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ይገባዋል። የምትጽፉ ሰዎች ሆይ፣ ዜና መዋዕሉን ብቻ ሳይሆን የዐረብ ፈቂህን «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ም አንብቡ። ደብረ ዳሞን ካያችሁ ሐረር ጀጎልንም ግቡ፤ የሐድያ ሽማግሌዎችን ስለ እሌኒ ጠይቁ። ረቂቃችሁንም ከመታተሙ በፊት ለአንዲት የሐረር ሴትና ለአንዲት የሐድያ ሴት አስነብቡ። እነሱ «እናታችን ናት» ብለው ካላወቋት፣ እንደ ገና ጻፉት።